ሞላሰስ ላይ ያደገው ባክቴሪያ ፕላስቲክ አልሰጥ አለ

ከደብረ ብርሃን፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባሲለስ ሜጋቴሪየም የተባለውን ባክቴሪያ በሞላሰስ (ከስኳር ፋብሪካ በሚተርፈው ወፍራም ጥቁር ፈሳሽ) አሳድገን ፒኤችቢ፣ ማለትም ባክቴሪያው በሴሉ ውስጥ የሚያጠራቅመውን ፕላስቲክ፣ ለማውጣት እየሞከርን ነው። በሊትር 40 ግራም ሞላሰስ፣ 2 ግራም አሞኒየም ሰልፌትና 1 ግራም የእርሾ ጭማቂ እንጨምራለን። በ250 ሚሊ ሊትር ፍላስክ 150 ሚሊ ሊትር ሞልተን፣ በ30 ዲግሪ 72 ሰዓት ሼከር (መናጫ መሣሪያ) ላይ ይቆያል። ሴሉ ይበዛል፤ ፒኤችቢን በሚያጠቁረው ሱዳን ብላክ ቀለም ሲቀለም ግን ጥቁር ቅንጣት የለም ማለት ይቻላል። ከሦስት ፍላስክ አንዱ ደግሞ በሌላ ባክቴሪያ ይበከላል። የቱ ጋ ነው የሳትነው?

ተጉለቴ፦
ናይትሮጅኑ በዝቷል። ባክቴሪያው ፒኤችቢን የሚያጠራቅመው እኛ ስብ እንደምናጠራቅመው ነው፤ ካርቦን ተርፎት ናይትሮጅን ሲያጥረው። ሁሉ ከተሟላለት መባዛት እንጂ ማስቀመጥ ምን ያደርግለታል? ሞላሰስ ግማሽ ያህሉ ስኳር ስለሆነ 40 ግራሙ 8 ግራም ገደማ ካርቦን ይሰጣል። 2 ግራሙ ሰልፌት ደግሞ 0.42 ግራም ናይትሮጅን አለው። ይህ ካርቦን ለናይትሮጅን 20 ለ1 ነው፤ የእርሾው ጭማቂና ሞላሰሱ ራሱ የያዙት ናይትሮጅን ሲደመር ከዚያም ይወርዳል። ጭማቂውን ለዘሩ ብልቃጥ (መጀመሪያ ባክቴሪያው ለሚባዛበት) ብቻ ተጠቀሙ፣ ሰልፌቱን ወደ 0.7 ግራም አውርዱት።
72 ሰዓትም ለባሲለስ ይረዝማል። ሲርበው ስፖር (ሙቀትን የሚቋቋም፣ ያንቀላፋ ሴል) ይሠራል፣ ያጠራቀመውንም መልሶ ይበላዋል። ከ18ኛው ሰዓት ጀምሮ በየ6 ሰዓቱ ናሙና እየቀለማችሁ፣ ቅንጣቱ በጣም በበዛበት ሰዓት ሰብስቡ።

የመንዝ ልጅ፦
ተጉለቴ ያለው ልክ ነው፤ ከፍታው ግን ተረሳ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ከሩብ በላይ ያንሳል። የአውቶክሌቩ (በግፊት እንፋሎት ጀርም የሚገድለው መሣሪያ) ግፊት መለኪያ 15 ፒኤስአይ ሲያሳይ ውስጡ 121 ሳይሆን 116 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሞላሰስ ውስጥ ያለ ስፖር በ15 ደቂቃ ከዚያ ይተርፋል፤ የብክለቱ ምንጭ ይህ ይመስለኛል። መሣሪያው 19 ፒኤስአይ የሚፈቅድ ካልሆነ 50 ደቂቃ አቆዩት። ማግኒዥየም ሰልፌትና ፎስፌት የምትጨምሩ ከሆነም ለየብቻ አፍሏቸው፣ አለዚያ ይዘቅጣሉ።
ኦክስጅኑም በዚያው ልክ ይሳሳል። 150 ሚሊ ሊትር ባክቴሪያውን ያፍነዋል፤ 50 በቂ ነው፣ በደቂቃ 200 ዙር፣ በጥጥ ውታፍ።

ከደብረ ብርሃን፦
እግዜር ይስጥልን። በአይብ አጓት ብንተካውስ? ሞላሰስ ከወንጂ ማስመጣቱ ከብዶናል።

ተጉለቴ፦
ይቻላል፤ ለአጓት ግን ኩፕሪያቪደስ ኔካቶር የተባለውን ሌላ ባክቴሪያ እመርጣለሁ። ላክቶስን (የወተት ስኳርን) አይበላም፤ በእርጎው መኮምጠጥ የመጣውን ላክቲክ አሲድ ግን ይበላል። መጀመሪያ አጓቱን አፍልታችሁ የረጋውን ፕሮቲን አጥልሉ (ናይትሮጅን ነውና)፣ ፒኤቹን (የአሲድነት መጠኑን) ወደ 7 አምጡ።
ፕላስቲኩን ከሴሉ ስታወጡ አንድ አደራ፦ ሴሉን በበረኪና ካሟሟችሁ፣ አሴቶን ከመጨመራችሁ በፊት በውኃ ሁለት ሦስት ጊዜ እጠቡት። የቀረ በረኪና ከአሴቶን ጋር መርዛማ ክሎሮፎርም ይሠራል፣ ከአሲድ ጋር ደግሞ መርዛማ ክሎሪን ጋዝ ይለቃል።