ለወንጂ ዋልካና ለወለንጪቲ ድንጋይ የሚስማማው የኤቲቪ ጎማ የትኛው ነው?

ቀይ_አቧራ፦
ሰላም የአዳማ ነጂዎች። ኤቲቪው (ባለ አራት ጎማ ሞተሩ) 4 በ4 ነው። የፊት ጎማው በኢንች 25 በ8 (ቁመቱ በስፋቱ)፣ የኋላው 25 በ10፣ ቸርኬው 12። የሥራ ቀን ወንጂ የአገዳ ማሳ መሃል፣ ቅዳሜና እሁድ በወለንጪቲ በኩል ቦሰት ተራራ ግርጌ ነው የሚሄደው። ያለው ባለ 2 ፕላይ (ባለ 2 ድርብ) ጎማ ተበልቶ አልቋል። ሻጩ «ትልቅ ጥርስ ያለውን የጭቃ ጎማ ውሰድ፣ ያውም 27» ይላል። ምን ትላላችሁ?

ባልጩት፦
ሻጩ ግማሹን ብቻ ነው ያየው። ዋልካ ሲርስ እንደ ሊጥ ይጣበቃል፤ ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለ ጎማ ወዲያው ይደፈንና ልሙጥ ይሆናል። የጭቃ ጎማ የሚሻለው በጥርሶቹ መሃል ያለው ክፍተት ሰፊ ስለሆነ ነው፤ ሲሽከረከር ጭቃውን ይወረውራል። ግን ይሄ የክረምት ጉዳይ ነው። ባልጩቱና የግራር እሾሁ ዓመቱን ሙሉ እዚያው አሉ። ረጅም ጥርስ ደግሞ ድንጋይ ላይ ይተጣጠፍና ከሥሩ ይሰነጠቃል።

ጭቃ ቢይዝህ በገመድ ትወጣለህ። ጎኑን ባልጩት የተለተለው ጎማ ግን አለቀለት፤ ጎሚስታ የሚደፍነው መሬት የሚነካው ፊት ሲበሳ ነው እንጂ ጎኑ ሲሄድ ስለሚተጣጠፍ ጥገና አይይዝም። ስለዚህ ባለ 6 ፕላይ ኦልቴሬይን (ለሁሉም ዓይነት መሬት የሚሆን)፣ ጥርሱ ወደ 20 ሚሊሜትር፣ ጥርሱ እስከ ትከሻው የወረደ።

ቺንጋ፦
27ቱን እርሳው። 27 ለ25 ሲካፈል 1.08 ነው፤ ሞተሩ ላይ 8 በመቶ ገደማ ጫንክበት። ከመሬት የሚጨምርልህ ከፍታ 1 ኢንች ብቻ። ጭቃ ውስጥ ቺንጋው (የሞተሩን ጉልበት ወደ ጎማ የሚያስተላልፈው ቀበቶ) ይንሸራተትና ይቃጠላል፣ መሪ ስታዞር የፊት ጎማው ፕላስቲኩን ይፍቃል።

ሌላው፣ ሁለት ብቻ ገዝተህ ከአሮጌ ጋር አትቀላቅል። 4 በ4 ስታስገባ የፊትና የኋላው ዙሪያ ካልተመጣጠነ ዲፈረንሻሉ ይወጠራል። የልብስ ሰፊ ሜትር ጠቅልለህ ለካ፤ «25» የተጻፈባቸው ሁሉ እኩል አይደሉም።

ቀይ_አቧራ፦
ተባረኩ። ንፋሱስ? ጎሚስታው እንደ መኪና 30 ነው የሚሞላው።

ባልጩት፦
በ30 ድንጋይ ላይ እንደ ኳስ ትነጥራለህ። ኤቲቪው ላይ የተለጠፈውን አንብብ፤ ብዙዎቹ ከ5 እስከ 7 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ነው የሚሉት። ከዚያ በታች ከወረድክ ድንጋይ ላይ ቸርኬው ይመታል፣ ኩርባ ላይም ጎማው ከቸርኬው ይወልቃል። የመኪና መለኪያ 5ን ከ8 አይለይም፤ እስከ 15 ብቻ የሚያነብ ግዛ፣ ጠዋት ሳትነዳ ለካ።

ሲገጠም ጠርዙን በሳሙና ውሃ ያርጥበው፤ ጎማው ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ልክ ሳያልፍ ይሙላና ቸርኬው ላይ ሲቀመጥ መልሶ ያስተንፍሰው። የጎኑ ቀስት ወደ ፊት መዞሪያውን ነው የሚያሳየው፤ ተገልብጦ ከተገጠመ ጭቃውን አይወረውርም። እሾህ ከገባ መድፈኛው እጅህ ላይ ሳይኖር አትንቀለው።