የወንድሜ ጉበት በግራ በኩል ነው ተባልን፣ ምን እናድርግ?

የሐይቋ፦
ሰላም ጀማው። ጭንቅ ብሎኝ ነው የምጽፈው። የ22 ዓመት ወንድሜን ሆዱን አሞት ደሴ ወስጄው አልትራሳውንድ ተነሳ። ባለሙያው መሣሪያውን ቀኝ ጎኑ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲያደርግ ቆየና ዝም አለ። ከዚያ ጄሉን በግራ በኩል ቀባው። ስክሪኑን አየ፣ ወንድሜን አየ፣ መልሶ ስክሪኑን አየ። «ጉበትህ በግራ ነው፣ ጣፊያህ በቀኝ» አለው። የደረት ራጅ ሲነሳ ደግሞ ልቡም በቀኝ ነው። ሕመሙ ጨጓራ ነው ተብሎ መድኃኒት ወስዶ ተሽሎታል፣ እኛ ግን እንቅልፍ አጣን። እናቴ ልጅ እያለ ከበቅሎ ወድቆ ነበር፣ ያኔ ነው የዞረበት ትላለች። ጎረቤት ደግሞ ሆድ አሽቶ ወደ ቦታው የሚመልስ ሰው አለ ብለው ነገ ሊወስዱት ነው። ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል? ዕድሜውስ? ትዳር ሊይዝም ነበር።

ነርሷ ከወልድያ፦
አብሽሪ እህቴ። መጀመሪያ ግን በምንም ተአምር እንዳታሳሹት! የሚመለስ ነገር የለም፣ ጉዳት ግን ሊያመጣበት ይችላል።

ከበቅሎውም አይደለም፣ እናትሽን አረጋጊያቸው። ገና ማህፀን ውስጥ የጥቂት ሳምንት ሽል እያለ የሆነ ነገር ነው። ሽሉ ላይ በዓይን የማይታዩ ፀጉር መሰል ነገሮች አሉ፣ እየተሽከረከሩ ፈሳሹን ወደ ግራ ይገፋሉ፣ ሰውነት ግራና ቀኙን የሚለየው በዚያ ነው። ያ ሲዛባ የሆድ ዕቃውም ልቡም መስታወት ውስጥ እንደሚታይ ምስል ይገለበጣል። ሲተስ ኢንቨርሰስ ይሉታል። ከ10,000 ሰው አንድ ያህል ላይ ይታያል። ሁሉም ነገር ከነደም ሥሩ አብሮ ስለተገለበጠ ሥራውን ይሠራል፣ ኦፕራሲዮን የሚባል ነገር የለም። ዕድሜ ላልሽው፣ አሜሪካ ኦሪገን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2017 በ99 ዓመታቸው ያረፉ እናት ነበሩ። ልባቸው በቦታው ሆኖ የሆድ ዕቃቸው ግን የተገለበጠ መሆኑ የታወቀው ከሞቱ በኋላ አስከሬናቸው ለሕክምና ተማሪዎች ሲሰጥ ነው። የልብና የሆድ ዕቃ እንዲህ ሲለያይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከባድ የልብ ችግር አብሮ ይመጣል፣ እሳቸው ግን ያን ሁሉ ዘመን ኖሩ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ አክታ ያለው ሳል፣ የማይለቅ ሳይነስ አለበት? እንዲህ ከተገለበጠባቸው አምስት ሰዎች አንዱ ገደማ ላይ እነዚያው ፀጉር መሰል ነገሮች ሳንባና አፍንጫ ውስጥም አይሠሩም። እንደዚያ ከሆነ ልጅ መውለድም ሊያስቸግረው ስለሚችል ከሠርጉ በፊት ሐኪም ያናግር። ከሌለበት ግን ዳሩት!

ኮምቦልቻ፦
እኔም እንደ ወንድምሽ ነኝ፣ አላውቅም ነበር። የዛሬ ስድስት ዓመት በግራ በኩል ከታች ሆዴን ቀሰፈኝ። የሄድኩበት ቦታ አሜባ ነው ብለው ኪኒን ሰጥተው መለሱኝ፣ ትርፍ አንጀት በቀኝ ነዋ የሚያመው፣ ማን በግራ ይጠረጥራል። ሌሊቱን ግድግዳ ይዤ እየተንጠራወዝኩ አደርኩ። በነጋታው ሌላ ቦታ ራጅ ያነሳኝ ልጅ ፊልሙን ገልብጬ ያዝኩት እንዴ ብሎ ሁለቴ አዟዟረው፣ ከዚያ ዶክተሩን ጠራ። ወላሂ ለጥቂት ነው የተረፍኩት፣ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር። አሁን «ልቤም የሆድ ዕቃዬም የተገለበጠ ነው፣ ትርፍ አንጀቴ ወጥቷል» የሚል ወረቀት ከመታወቂያዬ ጋር ይዤ ነው የምዞረው። ኢሲጂ (ደረት ላይ ገመድ ተለጥፎ የሚነሳው የልብ ምርመራ) ስነሳም ቀድሜ እናገራለሁ፣ ካልተነገራቸው ውጤቱ ይምታታባቸዋል። ወንድምሽም ይጻፍ፣ ሚስቱም ትወቀው።

እመ ከሚሴ፦
የእኔን ልጅ ነገር ካነሳችሁት ልናገር፣ ምናልባት አንዲት እናት ታነበው ይሆናል። በተወለደ በአምስተኛው ቀን አረንጓዴ ያስታውከው ጀመር። ሰፈሩ እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥለት አለ። እኔም ልወስደው ታቅፌ ወጥቼ ነበር፣ በር ላይ ያገኘችኝ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጨርቁ ላይ የነበረውን ትውከት አየችና በባጃጅ ይዛኝ በረረች። ለካ አንጀቱ ማህፀን ውስጥ ሳለ መዞር የነበረበትን ያህል ሳይዞር ቀርቶ ነው፣ ከዚያ ራሱ ላይ ተጠማዞ ደሙን አንቆታል። ያኑ ሌሊት በኦፕራሲዮን ፈቱለት። አሁን ሁለተኛ ክፍል ነው፣ አልሐምዱሊላህ።

ነርሷ ከወልድያ፦
እመ ከሚሴ ያለችውን እባካችሁ ያዙት። የወንድምሽ መገልበጥ አያስቸኩልም፣ ይሄኛው ግን ሰዓት አይሰጥም። አራስ ልጅ አረንጓዴ ካስታወከ ነገ አይባልም።

የሐይቋ፦
ሁላችሁንም አላህ ይስጥልን። ሳልም ሳይነስም የለበትም፣ ክረምት ከበጋ ኳስ ሲጫወት ነው የሚውለው። የማሸቱ ነገር ቀርቷል። ማታ ቡና ተፈልቶ የጻፋችሁትን ሁሉ ለእናቴ አነበብኩላት፣ በቅሎዋ ጋ ስደርስ ድጋሚ አንብቢው አለችኝ። ከዚያ ወንድሜን አጠገቧ አስቀምጣ እጇን ቀኝ ደረቱ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። «አዎ፣ እዚህ ነው» አለች። ወረቀቱንም ጽፈንለታል፣ ነገ አስለብጠዋለሁ።