ቅሬ (እድር) አባሉ እስኪሞት መጠበቅ አለበት? በደሴና በኮምቦልቻ ጓደኞችና ጎረቤቶች መካከል የተደረገ ክርክር

ጥያቄ አቅራቢዋ፣ ከደሴ ሰኞ ገበያ ሰፈር፦

ውድ የሰፈራችን ልጆች፣ የቅሬያችን አባላት፣ እንዲሁም ኮምቦልቻ የምትኖሩ የትምህርት ቤት ጓደኞቻችን፤ ይህን ጉዳይ የማነሳው ታማሚዋን ጓደኛችንን አስፈቅጄ ነው። ጡቷ ላይ የጀመረው ካንሰር ወደ አከርካሪ አጥንቷ ተሰራጭቷል። ሐኪሞቿ በሽታው ሙሉ በሙሉ ሊድን የሚችልበትን ደረጃ ማለፉን፣ ሕክምናው ግን ዕድሜዋን ሊያራዝምና ስቃይዋን ሊቀንስ እንደሚችል ለእርሷም ለባለቤቷም በግልጽ ነግረዋቸዋል። ኬሞቴራፒውን እዚሁ ደሴ እየወሰደች ነው፤ ለጨረር ሕክምና ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሪፈር ተጽፎላታል። ባለቤቷ ከደሴ ኮምቦልቻ ሲሠራበት ከነበረው ሚኒባስ ድርሻውን ሸጦ፣ ያም ገንዘብ ካለቀ ቆይቷል።

የምጠይቀው ስለ ቅሬያችን ነው። ደንባችን አባል ሲሞት ለቤተሰቡ ገንዘብ እንዲከፈል፣ ድንኳንና ዕቃ እንዲወጣ፣ አባላት በሙሉ ቀብር እንዲገኙ ያዝዛል፤ የታመመውን አባል ግን ሄዳችሁ ጠይቁት ከማለት ያለፈ ነገር አይናገርም። በሞቷ ጊዜ ከሚከፈለው ገንዘብ ግማሹ አሁን በሕይወት ሳለች እንዲሰጣት ለጠቅላላ ጉባኤው ብናቀርብ ምን ትላላችሁ?

እኔ በበኩሌ ይገባታል ባይ ነኝ። ሰሞኑን ልጠይቃት ገብቼ የመድኃኒት ማዘዣዋን ስታሳየኝ ከተጻፉት ሦስት መድኃኒቶች የተገዛው አንዱ ብቻ ነበር፤ ሁለቱ ከግል ፋርማሲ የሚገዙ ስለሆኑ ገንዘብ እስኪገኝ ይቆዩ ተብለዋል። ወረቀቱን መልሳ አጥፋ ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። መዋጮዋን አንድም ወር ሳታጓድል የኖረች ሴት ናት፤ ስትሞት በማግስቱ ቆጥረን የምናስረክበው ገንዘብ ዛሬ ካዝናችን ውስጥ አለ።

የቅሬው ገንዘብ ያዥ፦

ልጄ፣ የእርሷ ሕመም የሁላችንም ሕመም ነው፤ አላህ ያሽራት። ነገር ግን የአደራ ገንዘብ የያዘ ሰው አንጀቱ ስለተላወሰ ብቻ እጁን መዘርጋት አይችልም። ቅሬ የቆመው በአንድ ቀላል ስሌት ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው አንድ ጊዜ ይሞታል፣ አንድ ጊዜም ይከፈልለታል። ሕመም ግን እንዲህ አይደለም። ዛሬ ለካንሰር ብንከፍት ነገ ኩላሊቱ ደክሞ በየሳምንቱ ዲያሊሲስ የሚያደርገው፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ልቡን የሚታመመው አባል በሙሉ መብት ይጠይቀናል፤ ለአንዱ ከፍተን በሌላው ላይ ልንዘጋ አንችልም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በገባ ጊዜ አባላት ተበትነው መዋጮው ተቋርጦ፣ ሐዘኑ ግን ተደራርቦ እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ያን ጊዜ ቅሬው ሳይፈርስ የቆየው የተቀመጠ ገንዘብ ስለነበረ ነው።

ሌላም የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ለሞት ማስረጃ አንጠይቅም፤ አስከሬኑን ሁላችንም ተሸክመን እንቀብራለን። "ለጠና ሕመም ይከፈላል" ብለን ብንጽፍ ግን ጠናነቱን የሚመዝነው ማን ነው? እኔ ነኝ? ጎረቤት ከጎረቤት የሚቃቃረው እንዲህ ባለው ነገር ነው።

የትምህርት ቤት ጓደኛዋ፣ ከኮምቦልቻ፦

ስለ ደንብ ስንነጋገር ጊዜው እየሄደ ነው። እኔ የምለው ፎቶዋንና የሕክምና ማስረጃዋን አውጥተን፣ በስሟ የባንክ ሒሳብ ከፍተን፣ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኞች ጀምሮ ዐረብ አገር እስካሉት የወሎ ልጆች ድረስ አዳርሰን ሕንድ አገር እንላካት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ገንዘብ መጠየቅ አፍረን ሞተች እንዳይባል እፈራለሁ።

ነርስ፣ ከደሴ፦

ወንድሜ፣ የፈራኸውን ጸጸት እኔም አውቀዋለሁ፤ በሥራዬ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ይሁን እንጂ ያ ጸጸት የእኛ ነው፤ ታማሚዋን ግን ከአልጋዋ አንስተን ወደ ባዕድ አገር የምንወስደው ለእርሷ የሚጠቅም ሆኖ ስናገኘው ብቻ መሆን አለበት። ለውጭ ሕክምና የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃና የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ቀድሞ በ57 ብር አካባቢ ይመነዘር የነበረው ዶላር ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት ለሙሉ ሕክምና ይበቃ የነበረ መዋጮ ዛሬ ግማሽ መንገድ ላይ ያልቃል። ከሁሉም በላይ፣ አጥንት ውስጥ የተሰራጨ የጡት ካንሰር ሕንድም ቢሄዱ፣ ሌላ አገርም ቢሄዱ፣ በአብዛኛው የሚታከመው እንዲቆይና ስቃዩ እንዲቀንስ እንጂ ተነቅሎ እንዲጠፋ አይደለም።

አሁን የሚያስፈልጋት ነገር ግን ከአቅማችን በላይ አይደለም። አጥንት ላይ ለደረሰ ሕመም የሚሰጠው ጨረር እንደ ሌላው ረጅም አይደለም፤ ለብዙ ሰው ጥቂት ዙር፣ አንዳንዴም አንድ ዙር ብቻ ሕመሙን ያስታግሳል። ገንዘቡን የሚበላው በአብዛኛው ሕክምናው ሳይሆን በዙሪያው ያለው ነው፤ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው መንገድ፣ የአዲስ አበባው ማደሪያ፣ አብሯት የሚሄደው አስታማሚ ከሥራው ሲቀር የሚያጣው ገቢ፣ ከግል ቤት የሚነሣ ሲቲ ስካን። ለካንሰር ታማሚዎች መጠለያ የሚሰጡ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዲስ አበባ ስላሉ ከመሄዷ በፊት ደውሎ ቦታ መጠየቅ ይቻላል።

ስለ ማስታገሻም ልናገር። በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን ሲታዘዝላት ባለቤቷ "ሱስ ይሆንባታል" ብሎ ፈርቶ ሕመሙ ሲብስባት ብቻ እንደሚሰጣት ሰምቻለሁ። ይህ ሞርፊን ሐኪሙ ባዘዘው ሰዓት፣ አብዛኛውን ጊዜ በየ4 ሰዓቱ፣ ሕመሙ ሳይነሳ ቀድሞ መሰጠት አለበት፤ ለካንሰር ሕመም በሐኪም ትእዛዝ የሚወስደው ሰውም ሱሰኛ የሚሆነው እምብዛም ነው። ሆድ ስለሚያደርቅ ማለስለሻው አብሮ መታዘዝ ይኖርበታል። አንድ ነገር ደግሞ ቤተሰቧ ሁሉ ይወቅ፦ በሽታው አከርካሪዋ ላይ ስለሆነ እግሯ ከዛለ ወይም ከደነዘዘ፣ ወይም ሽንቷ እምቢ ካለ፣ እስኪነጋ ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ያድርሷት፤ ከዘገየ እግሯ እንደተያዘ ሊቀር ይችላል። ከቅሬው ግማሹ ይሰጣት የሚለውን ሐሳብ የምደግፈው በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ባለው ሌሊት የኮንትራት ታክሲ ገንዘብ ቤት ውስጥ መኖር አለበት።

የሰፈራችን እናት (ልጃቸው እንደጻፈላቸው)፦

ልጆቼ፣ እኔን ያሳሰበኝ ገንዘቡ አይደለም። ሰው በቁሙ ሳለ የቀብሩን ገንዘብ ቆጥሮ መስጠት ሟርት አይሆንም ወይ? በሯን አንኳኩተን ስንገባ ምን ብለን ነው የምንሰጣት? ተስፋዋን ይዛ እንድትቆይ የምንፈልግ ከሆነ "ቅሬው ቆርጦልሻል" የሚል መልእክት ተስፋዋን አይቆርጥባትም? በእኛ ጊዜ ለታመመ ሰው ወጥ ሠርተን፣ ቡና አፍልተን፣ ዱአ አድርገን፣ ልጆቿን ጸጉር ሠርተን እናድር ነበር፤ ይህን እናድርግላት። መርዶ የሚመስል ገንዘብ ግን አይግባባት።

ጥያቄ አቅራቢዋ፦

እትዬ፣ የተናገሩት እኔንም እንቅልፍ ስለነሳኝ በቀጥታ ጠየቅኋት። መልሷን በፈቃዷ ላቅርብ። "እንደምሞት እኔ ካወቅሁ ቆይቻለሁ፤ የምፈራው ከእኔ በኋላ የሚመጣው ዕዳ ነው፤ ስሞት የምትሰጡት ገንዘብ ዛሬ መድኃኒቴን ቢገዛልኝ ልጆቼ ከአበዳሪ ይድኑልኛል" ነው ያለችኝ። ሁሉም ታማሚ እንደ እርሷ ያስባል አልልም፤ ሰምቶ መቋቋም የማይችል፣ ማወቅም የማይፈልግ ሰው ይኖራል። ስለዚህ ገንዘቡ የሚሰጠው ታማሚው ራሱ ሲጠይቅ ብቻ ይሁን የሚለውን ከእርስዎ ስጋት ተምሬ እጨምራለሁ።

ስለ መጠየቁም እርስዎ እንዳሉት ቢሆን ኖሮ ደስ ባለኝ። አሁን ግን ቤቷ ከሰዓት በኋላ በሰው ይሞላል፤ እርሷ በጀርባዋ መተኛት እያማራት ለእንግዳ ትቀመጣለች፤ አንዷ "የእኔም አክስት በዚሁ ነው የሞተችው" ስትል ሌላዋ ኬሞውን ትታ ጸበል ብቻ እንድትጠመቅ ትመክራታለች። ጸበሉም ዱአውም ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ መድኃኒቱን አስጥሎ የሚመጣ ምክር ግን እኔ እንደ በደል ነው የምቆጥረው። ኬሞ በወሰደች ሰሞን ሰውነቷ ኢንፌክሽን የመከላከል አቅሙ ስለሚቀንስ፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ባይገባ፣ የሚገባውም ተራ ይዞ ሁለት ሁለት እየሆነ፣ ልብሱን አጥቦ፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ተቀብሎ፣ ጥቂት ተጫውቶ ቢወጣ ይሻላል። አንድ ጓደኛችን በየጠዋቱ ወሬ ሳታበዛ ውኃ ቀድታ፣ ወለሉን ወልውላ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች፤ ታማሚዋ ስሟን ሳትጠራ የምትውልበት ቀን የለም።

የሕግ ባለሙያ፣ ከኮምቦልቻ፦

ፎቶዋን አውጥተን ከሕዝብ እንሰብስብ ለሚለው ሐሳብ አጭር መልስ አለኝ። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት አምስትና ከዚያ በላይ ሆኖ ለበጎ ዓላማ ከሕዝብ ገንዘብ ለማሰባሰብ የሚቋቋም ቡድን የበጎ አድራጎት ኮሚቴ ይባላል፤ ፈቃድም ያስፈልገዋል። በጓደኛሞችና በቅሬ አባላት መካከል የሚደረገው መዋጮ ከዚህ የተለየ ነው። ደረቷ ላይ ያለውን ቁስል የሚያሳይ ፎቶ ደግሞ አንዴ ከወጣ በኋላ መልሶ መሰብሰብ አይቻልም፤ ልጆቿ አድገው ያዩታል።

ገንዘብ ያዡ ወደጠየቁት ልመለስ። በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ኤድስ ቤት ለቤት ሲገባ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ብዙ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው ታማሚ ማስታመምና ወላጅ ያጡ ሕፃናትን መርዳት ጀምረዋል፤ ስለዚህ የመቃብር ማኅበር ለሕያው አባል ማሰብ ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ በዚህ አገር ተመልሷል። የሕመሙን ጠናነት ገንዘብ ያዡ ሳይሆኑ የሚያክማት ሆስፒታል በጽሑፍ ያረጋግጥ። የሚሰጠው ከሞት ክፍያው ላይ የሚቀነስ ቅድሚያ ክፍያ ይሁን፣ ከግማሽም አይለፍ። በአንድ ዓመት ውስጥ ቅድሚያ የሚያገኙት አባላት ቁጥርም ጣሪያ ይኑረው።

አንድ ተከራይ፣ ከደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፦

ሁላችሁም ቅሬ እንዳለው ሰው ነው የምትከራከሩት። እኔ በየጊዜው ቤት ስለምለዋውጥ መደበኛ አባል የሆንኩበት ቅሬ የለም፤ ብታመም ይህ ሁሉ ደንብ አይደርስልኝም። ቢያንስ በየዓመቱ የሚታደሰውን የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ጊዜው ሳያልፍ እንድናድስ በየሰፈሩ የሚያስታውሰን፣ መክፈል ያቃተውንም የሚደግፍ ብታገኙልን ጥሩ ነበር። ለጥሩንባ ነፊያችሁ ይህ ሥራ ከባድ አይመስለኝም።

የቅሬው ገንዘብ ያዥ፦

የመድህኑ ነገር ተገቢ ነው፤ ለኮሚቴው አቀርበዋለሁ። የሕግ ባለሙያው ያሉትንም አሰላስያለሁ። ቅድሚያ ክፍያው ከሞቱ ክፍያ የሚቀነስ ከሆነ ካዝናው እንደማይጎዳ አምኛለሁ። የሚጎዳው ቤተሰቡ ነው፤ በዚያ ቀን ለቀስተኛ ሲጎርፍ ግማሽ ገንዘብ ይዞ ነው የሚቀበለው። ስለዚህ ይህን ደንብ የምታጸድቁ ከሆነ ለለቀስተኛ የሚወጣውን የምግብ ወጪም አብራችሁ ቀንሱ፤ አለበለዚያ ዕዳውን ከሕመሙ ወደ ሐዘኑ አሸጋገራችሁት እንጂ አላቃለላችሁትም። በዓመት ጣሪያ የሚለውን ግን አሁንም አልቀበልም። ጣሪያው ሞልቶ ቀጥሎ የሚመጣውን ታማሚ ደጃፉ ላይ ቆሜ "ለአንተ አልቀረም" የምለው እኔ ነኝ፤ ያን አላደርገውም።

ጥያቄ አቅራቢዋ፦

ሐጂ፣ የለቀስተኛውን ወጪ መቀነስ እኔም እደግፋለሁ፤ ለሦስት ቀን ድግስ የሚወጣውን ያህል ገንዘብ ለአንድ ወር መድኃኒት ብናውለው ሟቿም ቤተሰቡም ያመሰግኑናል። ጣሪያውን በተመለከተ ለጉባኤው ሁለት አማራጭ እናቅርብ፦ አንዱ ጣሪያ ያለው፣ ሌላው ጣሪያ ሳይኖረው በፈቃደኝነት በሚዋጣ የተለየ ሣጥን የሚደገፍ። እርስዎ የመጀመሪያውን ይቃወሙ፤ እኔም ለሁለተኛው ድምፅ እሰጣለሁ።

ጉባኤው እስኪሰበሰብ ጨረሩ ስለማይጠብቅ፣ ለአዲስ አበባው ጉዞ ከጓደኞች የተዋጣውን ገንዘብ ሦስት ሰዎች በጋራ በሚፈርሙበት ሒሳብ አስገብተናል፤ የገባውንና የወጣውን ባለቤቷ በየሳምንቱ ያየዋል። ኮምቦልቻ ያለኸው ወንድማችን፣ ሕንድን ለጊዜው ተወውና ከአዲስ አበባ መልስ በአውሮፕላን ከመጣች ኮምቦልቻ ማረፊያው ላይ መኪና ይዘህ ተቀበልልን፤ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ስትወጣ ወገቧ አይችለውም። እስካሁን ያልተገኘው አብሯት ሄዶ የሚያድር አስታማሚ ነው። ሴት ብትሆን ትመርጣለች፤ የምትችሉ ዛሬ ማታ ደውሉልኝ።