ወባ እንደ ፈንጣጣ ከዓለም ይጠፋል ወይስ እየታገልነው እንኖራለን? የአዳማ ልጆች ክርክር

የዋንጂ ልጅ፦ ሳምንቱን ሙሉ ወባ ጥሎኝ ነበር፤ ዘንድሮ ሁለተኛዬ ነው። ፈንጣጣን ያጠፋ ዓለም ይሄን እንዴት አቃተው? አጎበር ማደሉ ይብቃና ጨርሶ ማጥፋት ይጀመር። ተከራከሩኝ።

ባለባጃጁ፦ እግዜር ይማርህ። ተጀምሮ ነበር እኮ! የዓለም ጤና ድርጅት በ1955 (በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ዘመቻ ከፍቶ በ1969 ተወው። ስሪላንካ በ1963 የቀሯት 17 በሽተኞች ነበሩ። ተዘናጋች፤ ብዙም ሳይቆይ በመቶ ሺዎች ታመሙባት።

እትዬ፦ በልጅነቴ ቤት ለቤት ዲዲቲ የሚረጩትን «ወባ ማጥፊያ» ነበር የምንላቸው። መሥሪያ ቤቱ ኋላ «መቆጣጠሪያ» ተባለ። እኔ ያን ጊዜ ነው ተስፋ የቆረጥኩት።

ላብራቶሪ፦ ፈንጣጣን የጣለው የክትባቱ ብዛት ብቻ አይደለም። በሽታው ፊት ላይ ይታያል። ሠራተኞቹ የታማሚ ሥዕል ይዘው «እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል?» እያሉ መንደር ለመንደር ዞሩ፤ የታመመውን ለይተው በዙሪያው ያለውን ከተቡ። ከሰው ሌላ መጠጊያም አልነበረውም። የኛ አገር የመጨረሻው በሽተኛ በ1976 (እኔም በፈረንጅ ነው) ኦጋዴን ተገኘ፤ በተፈጥሮ የተያዘ የዓለም የመጨረሻው ደግሞ በ1977 መርካ፣ ሶማሊያ። ወባስ? ምንም ሳያመው ተሸክሞት የሚዞር አለ። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነትማ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከወራት በኋላ ይነሳል። የዋንጂ ልጅ፣ ሁለተኛዬ ያልከው ያው የመጀመሪያው ሊሆን ይችላል። ጉበት ውስጥ የተኛውን የሚገድለውን የ14 ቀን ኪኒን፣ ፕሪማኩንን፣ ሰጥተውህ ነበር? ጨረስከው?

የዋንጂ ልጅ፦ በአምስተኛው ቀን ተሻለኝና ተውኩት።

ባለባጃጁ፦ ይጥፋ ባዩ ራሱ ደብቆት ይዞራል!

የዋንጂ ልጅ፦ ሳቅ። ግብፅ ግን በ2024 ከወባ ነፃ ተብላ ተመስክሮላታል። ክትባትም መጥቷል።

ላብራቶሪ፦ ክትባቱ ሕፃናትን ከሞት ያተርፋል፤ መተላለፉን ግን አይዘጋም፣ ለዚያውም የተሠራው ፋልሲፓረም ለሚባለው ለሌላው የወባ ዓይነት ነው። ግብፅን አልክድም። አገር በአገር ይጠፋል፤ ከዓለም ለመንቀል ግን ሁሉም እኩል መድረስ አለበት። እኛ ዘንድ ደግሞ ስቴፈንሲ የምትባል የእስያ ትንኝ በ2016 ቀብሪደሃር ታየች፤ በ2022 ድሬዳዋ ላይ ለተነሳው ወረርሽኝ ምክንያት ሆነች። ረግረግ አትፈልግም፤ የከተማ በርሜልና ሮቶ ይበቃታል።

እትዬ፦ ውሃ በፈረቃ እየመጣ በርሜል አትያዙ ልትሉን ነው?

ላብራቶሪ፦ ኧረ ይያዙ እትዬ፣ ብቻ በደንብ ይክደኑት።

የዋንጂ ልጅ፦ የተረፈው ኪኒን መሳቢያ ውስጥ አለ። ከተውኩበት ልቀጥል?

ላብራቶሪ፦ በራስህ እንዳትጀምር! ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሂድ፣ ማቋረጥህንም ንገራቸው።