ከአንገረብ በላይ የተከለለው ሣር፦ ባሕር ዛፍ ይተከልበት?

ሰፊዋ (ጎንደር)፦ ከአንገረብ ግድብ በላይ ያለው የሰፈራችን ተዳፋት ከብት እንዳይገባበት ከተከለለ ወዲህ ሣሩ ተመልሷል። ድሮ ድንጋይና ቦረቦር ነበር፤ አሁን መስከረም ሲጠባ ስንደዶው ወገብ ይደርሳል። ኑሮዬ መሶብ መስፋት ስለሆነ ጥቅሜን አልደብቅም። ሰሞኑን ግን ኮሚቴው «መሬቱ ባዶውን ከሚቀመጥ ባሕር ዛፍ እንትከልበት» ብሎ ተነሥቷል። ባዶ! ይህን ሁሉ ሣር እየረገጡ ነው ባዶ የሚሉት። ሣሩ ከባሕር ዛፍ ሥር ይኖራል ወይ? እኔስ ስንደዶ ስነቅል እጎዳው ይሆን? አክርማውም በዝቷል፤ መሬቱ ለማገገሙ ምልክት አይደለም?

የግብርና ባለሙያ፦ እህቴ፣ ባሕር ዛፍ ጥቅጥቅ ብሎ ከተተከለ ሣሩ አይተርፍም። ጥላውና የሚረግፈው ቅጠል ያፍነዋል፣ እርጥበቱንም ይሻማዋል። ያ ደግሞ ተዳፋት ነው፤ ከሥሩ ሣር የሌለው መሬት አፈሩን ጎርፍ ይወስደዋል፣ የሚያርፈውም ግድቡ ውስጥ ነው። አንገረብ በደለል መቸገሩን ጎንደሬ ሁሉ ያውቃል፤ የምንጠጣውም ከእሱ ነው። ስንደዶን በተመለከተ፣ አገዳው ብቻ ከሰገባው ተስቦ ከወጣና ሥሩ ካልተነካ አያሳስብም። ዘር የሚጥል ጥቂት ጥቂት ግን በየቦታው ይቅር። አክርማ ምልክት አይሆንም፤ ከብት ስለማይወደው ክፉኛ በተጋጠ መሬት ላይም ይበዛል። ይልቅ ከብት የሚወዳቸው ጋጃና ማገጥ መመለሳቸውን ይዩ።

የአዘዞ ልጅ (ማዲሰን)፦ እኔ የምኖርበት ከተማ ውስጥ፣ በአሜሪካ ዊስኮንሲን፣ ከርቲስ ፕሬሪ የሚባል የሣር ሜዳ አለ። ታርሶና ተግጦ የነበረውን መሬት ዩኒቨርሲቲው በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወደ ቀድሞ ሣሩ መመለስ ጀመረ። እስከ ዛሬ በየጊዜው ሆን ብለው ያቃጥሉታል፤ ካልተቃጠለ ቁጥቋጦና ዛፍ ይውጠዋል። ከከተማው የሚወርደው የዝናብ ጎርፍም መጤ ሣር እያበዛባቸው ያስቸግራቸዋል። ዛፍ ያልተተከለበት መሬት ባከነ የሚል ካለ ይህን ንገሪው።

ጋሼ (መንዝ)፦ እሳቱን ተዉት ልጆቼ፣ ከቤት አጠገብ ነው። እኛ ጓሳ የሚባለውን የሣር መሬታችንን የጠበቅነው በሕግ ነው። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ሲደርስ ይከፈትና ሁሉም ለቤት ክዳኑና ለገመዱ ያጭዳል። ድርሻ ያለው ሰው ዘበኛ አያስፈልገውም። አንቺም ስንደዶውን ለብቻሽ አትጠይቂ፤ ከብት ያለው ድርቆሽ ያግኝ።

ሰፊዋ፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ስብሰባው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። አጨዳው ከመስቀል በኋላ በቤት በቤት ይከፋፈል፣ ባሕር ዛፍ የፈለገ በየጓሮው ይትከል እላለሁ። የደለሉን ነገር ግን ባለሙያው ራሳቸው መጥተው ቢናገሩልኝ ይሻላል፤ እኔ ከተናገርሁ «ለመሶቧ ነው» ማለታቸው አይቀርም። የአክርማው መልስ ግን ቅር አሰኝቶኛል፣ በጣም ተደስቼበት ነበር።