ዳውላታባድና የማሊክ አምባር ከተማ፦ የጉዞ ዕቅዱን አብረን እንጨርስ

አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኢትዮጵያ የተወለደው የጦር መሪ ማሊክ አምባር ህንድ ውስጥ ወደ ቆረቆረው ከተማና ወደ ዳውላታባድ ምሽግ የምናደርገው ጉዞ ሁለተኛው ረቂቅ ይኸው። ተጓዥ 28 ሰው፣ መነሻ ፑኔ፣ ጊዜው ታኅሣሥ፣ ጾመ ነቢያት ሳይፈታ። ቅዳሜ ከተማው አውራንጋባድ መድረስ፣ እሑድ የአጃንታ ዋሻዎች፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ የዳውላታባድ ምሽግና የመቃብሮቹ ከተማ ኩልዳባድ፣ ማክሰኞ የኤሎራ ዋሻዎችና የከተማው ቅርሶች፣ ማታ መመለስ። ለሥራ አስፈጻሚው የሚቀርበው ሁላችን የተስማማንበት ጽሑፍ ነው። ስለዚህ «ጥሩ ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ የሚቀየረውን ጻፉልኝ።

የታሪክ ንዑስ ቡድን፦
ኤሎራ ማክሰኞ ዝግ ነው፤ አጃንታ ደግሞ ሰኞ። በረቂቁ መሠረት ከሄድን ማክሰኞ በር ላይ ቆመን እንመለሳለን። አጃንታን ጨርሶ እናውጣው። ከከተማው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ ደርሶ መልሱ አንድ ሙሉ ቀን ይበላል። ዳውላታባድ፣ ኩልዳባድና ኤሎራ ግን በአንድ መንገድ ላይ ናቸው። ምሽጉ ከከተማው 15 ኪሎ ሜትር፣ ኤሎራ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ኩልዳባድ በመካከላቸው ትገኛለች።

የሰነዱ መግቢያም ይታረም። «ማሊክ አምባር የሠራው የዳውላታባድ ምሽግ» ይላል። ምሽጉ የያዳቫ ነገሥታት የ12ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው፤ ያኔ ስሙ ዴቫጊሪ ነበር። የዴልሂው ሱልጣን ሙሐመድ ቢን ቱግሉቅ በ1327 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዋና ከተማውን ከዴልሂ ወደዚህ አዛውሮ ዳውላታባድ አለው። ማሊክ አምባር የመጣው ከዚያ በኋላ ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላ ሲል ነው። በ1548 ገደማ ኢትዮጵያ ውስጥ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ተሽጦ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ይህ ምሽግ ያለበት የህንድ አካባቢ፣ ደካን ደረሰ። የገዛው የአሕመድናጋር ሱልጣኔት ዋና ሚኒስትር ቼንጊዝ ካን ራሱ በባርነት የመጣ ሐበሻ ነበር። አምባር በ1600 አሕመድናጋርን ይገዛ የነበረውን የኒዛም ሻሂ ሥርወ መንግሥት ዙፋን መልሶ አቁሞ ከሰሜን ህንድ የመጣውን የሙጋል ነገሥታት ጦር ከሃያ ዓመት በላይ ሲመክት ኖረ። ዳውላታባድ መናገሻውና መከላከያው ነበር፤ የውጨኛው ቅጥር እስከ ዛሬ «አምባርኮት» ይባላል። የራሱ ሥራ ብለን አፍ ሞልተን የምንናገርለት ከተማው ነው። በ1610 ኪርኪ ብሎ ቆረቆረው፤ በ1653 አውራንጋባድ ተባለ፤ ከ2023 ወዲህ መንግሥት ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ይለዋል። ትኬትና ሆቴል ስትፈልጉ ሁለቱንም ስም ሞክሩ፤ አንዱ ያላመጣውን ሌላው ያመጣዋል።

የማሊክ አምባርን የትውልድ ብሔር ሰነዱ ውስጥ አናስገባ። ክርክሩ ጉብኝቱን ይውጠዋል።

የትራንስፖርትና ማረፊያ ኃላፊ፦
የታሪክ ክፍል ያለው መንገዱንም ያቀናዋል፣ እስማማለሁ። በዚያ ላይ ቀኑን ከቅዳሜና እሑድ ወደ ሥራ ቀን እናሽሽ። በታኅሣሥ የትምህርት ቤት ጉብኝት ስለሚበዛ የምሽጉ ጠባብ መተላለፊያ ላይ ወረፋ ይፈጠራል። ረቡዕ ማታ እንድረስ፤ ሐሙስ ምሽጉን፣ ኩልዳባድንና ኤሎራን እንይ፤ ዓርብ ከተማውን ጨርሰን እንመለስ።

ከፑኔ 235 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አምስት ስድስት ሰዓት ያስኬዳል። አውቶቡስ ለሦስት ቀን መከራየቱ ያከስራል። ከከተማ ውጭ ለሚወጣ ኪራይ አብዛኛው አከራይ በቀን ቢያንስ 300 ኪሎ ሜትር ያስባል፣ ሦስት ቀን 900። እኛ የምንሄደው ግን ደርሶ መልስና የአካባቢው ዙረት ተደምሮ ከ600 አይበልጥም። ስለዚህ በመደበኛ አውቶቡስ ደርሰን፣ እዚያ ባለ 17 ወንበር ሁለት ቴምፖ ትራቨለር የሚባል ሚኒባስ በቀን ሂሳብ እንያዝ። ውሉ ላይ የቶል፣ የፓርኪንግና የሹፌር አበል በዋጋው ውስጥ መሆናቸው በጽሑፍ ይስፈር። ጠብ የሚነሳው ሁልጊዜ በእነዚህ በሦስቱ ነው።

ለሹፌሩ ሰዓት ስትነግሩ በህንድ አቆጣጠር ተናገሩ። እኛ «ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል» የምንለው እነሱ ዘንድ 6፡30 ነው። ሰነዱ ላይ ሁለቱም ጎን ለጎን ይጻፉ። ከአዲስ አበባ በስልክ የሚከታተሉን የቦርድ አባላትም የህንድ ሰዓት ሁለት ሰዓት ተኩል እንደሚቀድም ይወቁ።

ማረፊያ ላይ አንድ ጥብቅ ነገር አለ። ሆቴሉ የውጭ ዜጋ ሲቀበል በ24 ሰዓት ውስጥ «ፎርም ሲ» የሚባለውን የውጭ እንግዳ ማስመዝገቢያ መሙላት ግዴታው ነው። ይህን የማይሠሩ ርካሽ ማረፊያዎች ማታ ደጃፍ ላይ ይመልሱናል። ቀብድ ሳንከፍል «የውጭ ፓስፖርት ትቀበላላችሁ ወይ?» ብለን እንጠይቅ። እያንዳንዱ ሰው የፓስፖርቱንና የቪዛውን ኮፒ ሁለት ሁለት ይያዝ።

ገንዘብ ያዥ፦
የመግቢያ ሂሳብ፦ ዳውላታባድ 300 ሩፒ፣ ከተማው ውስጥ ያለው የመቃብር ሕንፃ ቢቢ ካ ማቅባራ 300፣ ኤሎራ 600። ለአንድ ሰው 1,200፣ ለ28 ሰው 33,600 ሩፒ። ይህ የውጭ ዜጋ ዋጋ ነው። ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አይከፍሉም፤ ዕድሜያቸውን የሚያሳይ ማስረጃ ይያዝላቸው። አጃንታን ማውጣታችን በነፍስ ወከፍ 600 ሩፒ ያተርፍልናል። ትርፉን ለአስጎብኚ እናውለው፤ ያለ አስጎብኚ ዳውላታባድ የድንጋይ ክምር ሆኖ ይቀራል።

የጤናና ደህንነት ኃላፊ፦
ስለ ምሽጉ በዝርዝር ልጻፍ፤ ረቂቁ «ከሰዓት በኋላ» የሚለው እጅግ አሳስቦኛል። ኮረብታው ወደ 200 ሜትር ይነሳል፤ እስከ ጫፍ ያለው ደረጃ 750 ገደማ ነው። በታኅሣሥም ቢሆን የቀትር ፀሐይ ጥቁሩን ድንጋይ ያግለዋል፤ ላይኛው ግማሽ ላይ ጥላ የለም ማለት ይቻላል። በሩ እንደተከፈተ እንግባ፤ ሦስት ሰዓት እንመድብ። ለሰው ሁለት ሊትር ውሃ ይያዝ፤ ከላይ የሚሸጥ አለ ብላችሁ አትመኩ። ምግብ በእጅ በሚንጠለጠል ፌስታል አትያዙ፤ ጦጣዎቹ መንጥቀው ይሄዳሉ። የሚዘጋ የጀርባ ቦርሳ ይሁን።

አወጣጡ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ዝሆን ገፍቶ እንዳይሰብረው ሹል ብረት የተተከለበት በር ይመጣል። በሮቹ ፊት ለፊት አልተቀመጡም፤ ዝሆን የመንደርደሪያ ቦታ እንዳያገኝ መንገዱ እየተጠመዘዘ ይሄዳል። ቀጥሎ በ1400ዎቹ ውስጥ የተሠራው ቻንድ ሚናር የሚባለው ማማ ይታያል፤ ከውጭ አይተን እናልፋለን። እስከዚህ ድረስ ሜዳ ስለሆነ አቅም የሌላቸው አባላትም ይመጣሉ። ከዚያ በላይ ቺኒ ማሃል የሚባል ሕንፃ አለ፤ የጎልኮንዳ ሱልጣኔት የመጨረሻው ሱልጣን አቡል ሐሰን በ1687 ከተሸነፈ በኋላ የታሰረበት ነው። አጠገቡ ከኋላዋ የበግ ራስ ያላት መድፍ አለች። ከመድፏ ቀጥሎ ከአለቱ ተጠርቦ የወጣው ጥልቅ የውሃ ቦይ ይመጣል፤ ድልድዩን ስትሻገሩ ወደ ታች እዩ። ግድግዳው ቀጥ ብሎ ስለተላገ እጅም እግርም መቆናጠጫ አያገኝም።

ከድልድዩ ማዶ «አንዴሪ» የሚሉት ጨለማው መተላለፊያ ነው፤ በአለት ውስጥ እየዞረ ይወጣል። የደረጃዎቹ ቁመት እኩል ስላልሆነ እግር ይሳሳታል። ጠላት የሚያደናግሩ የሐሰት መታጠፊያዎች አሉበት፤ ከመውጫው ላይ ተከላካዮቹ በእሳትና በጭስ ያፍኑት ነበር። ዛሬ የሚያስቸግሩት የሌሊት ወፎቹ ናቸው። ጣሪያውን ሸፍነው ይንጠለጠላሉ፤ ሽታው ከመግቢያው ጀምሮ ይቀበላችኋል፤ ኩሳቸው ወለሉን ያንሸራትተዋል፤ አቧራው ለሳንባ መጥፎ ነው። ማስክ ይደረግ፤ መብራት ወደ እግር እንጂ ወደ ጣሪያ አይብራ፤ ወፎቹ ከደነገጡ ፊታችሁ ላይ እየበረሩ ይመጣሉ። አስም ያለበት፣ ነፍሰ ጡርና ጨለማ የሚያስጨንቀው ሰው በጎን ባለው አዲሱ ደረጃ ይውጣ። ይህን በሰው ፊት ከመጠየቅ ቀድሞ በግል ቢመዘገብ ይሻላል።

28 ሰው በአንድ ጊዜ አይገባም። በሰባት ሰባት አራት ቡድን፣ ፊትና ኋላ መብራት የያዘ አንድ አንድ ሰው። ስምንት የእጅ ባትሪ ያስፈልገናል፤ በስልክ መብራት አንተማመን፤ አንድ እጅ ግድግዳውን መያዝ አለበት።

የታሪክ ንዑስ ቡድን፦
ከምሽጉ ስንወርድ ኩልዳባድ። ማሊክ አምባር በ1626 አርፎ የተቀበረው እዚያ ነው። ሲዋጋቸው የኖሩት ሙጋሎች ገዥ አውራንግዜብም በ1707 ሞቶ እዚያችው ትንሽ ከተማ ውስጥ፣ ጣሪያ በሌለው ተራ መቃብር ዐርፏል። ሁለቱን በአንድ ሰዓት ውስጥ ማየት ማንም መጽሐፍ የማይሰጠው ነገር ነው። የአምባር መቃብር ጉልላት ያለው ጠንካራ ሕንፃ ነው፤ የታወቁት መቃብሮች ያሉበት ቦታ ስላልሆነ ግን ሹፌሩ «ኩልዳባድ» ስትሉት ወደ አውራንግዜብ ይወስዳችኋል። በስሙ ጠይቁ። ጫማ ይወልቃል፣ ራስ ይሸፈናል፤ ነጠላ ያላችሁ ያዙ።

ዓርብ ከተማው ውስጥ፦ መጀመሪያ አምባር በ1612 ድሉን ለማክበር ያቆመው ባድካል በር፣ ቀጥሎ ፓንቻኪ የውሃ ወፍጮ። ፓንቻኪ ያለበት ግቢ መስጊድ ስላለበት ከዓርብ ጸሎት በፊት ጠዋት እንጨርሰው። እዚህም ይታረም፤ ወፍጮው የ18ኛው ክፍለ ዘመን እንጂ የአምባር አይደለም። የአምባር የውሃ ሥራ «ናሃሬ አምባሪ» ነው፦ በሰሜን ካሉት ኮረብቶች ሥር የተጠራቀመውን ውሃ በመሬት ውስጥ ቦይ፣ ያለ ምንም ሞተር፣ በቁልቁለት ብቻ ወደ ከተማው ያመጣ ሥርዓት። ብዙው ክፍል ከመሬት በታች ስለሆነ በየመንገዱ የቀሩትን የግንብ ምሰሶዎች የሚያሳይ አስጎብኚ እንፈልግ። ማታ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቢቢ ካ ማቅባራ። እብነ በረዱ ከታች ጥቂትና ጉልላቱ ላይ ብቻ ነው፤ የቀረው በኖራ ልስን ያበራል።

የምግብ ኃላፊ፦
ጾም ላይ ስለሆንን አንድ ቃል። «ቬጅ» ማለት የጾም ማለት አይደለም። ወተት፣ እርጎ፣ ቅቤና አይብ ይገባበታል። ስታዝዙ «ዱድ፣ ዳሂ፣ ጊ፣ ፓኒር ናሂ» በሉ። ምስር ወጡም ብዙ ጊዜ በቅቤ ስለሚቁላላ በዘይት እንዲሆን ንገሩ። የሚያስተማምነው የአገሩ ሰው የሚበላው ፒትላና ባክሪ ነው፦ የሽምብራ ዱቄት በሽንኩርት፣ በቃሪያና በዘይት የተሠራ፣ ከማሽላ ቂጣ ጋር። ሽሮ ለለመደ ሰው አይከብድም። ለሐሙስ ምሳ ለ28 ሰው ኤሎራ አካባቢ ቀድመን ካላዘዝን ግን በቅቤ የተቀባ ቻፓቲ ይጠብቀናል።

አስተባባሪ፦
ሁሉም ገብቷል፦ አጃንታ ወጥቷል፤ ቀኑ ከረቡዕ እስከ ዓርብ ሆኗል፤ ምሽጉ ጠዋት፤ መግቢያውና የፓንቻኪ አንቀጽ ታርመዋል። የቀረኝ ሁለት ነገር ነው። ስምንቱን ባትሪ ማን ይገዛል? በጎን ደረጃ የሚወጡ ደግሞ እስከ እሑድ ለጤና ኃላፊዋ በግል ይጻፉላት፤ የቡድን አከፋፈሉን የምትሠራው በዚያ ቁጥር ነው።