ልጅ ለማሳደግ ሥራ አቋርጬ ነበር፤ ሲቪዬ ላይ ምን ልጻፍ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ በአንድ የግል ድርጅት አምስት ዓመት ሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። የወሊድ ፈቃዴ ሲያልቅ ልጄን የሚይዝልኝ ሰው ስላጣሁ ሐምሌ 2013 ሥራ ለቀቅኩ። አሁን ኬጂ ገብቷል፣ መመለስ እፈልጋለሁ። ባለፈው ኢንተርቪው ላይ «ይህን ሁሉ ዓመት የት ነበርሽ?» ሲሉኝ አፌ ተሳሰረ። ጓደኛዬ የለቀቅሽበትን ቀን ገፋ አድርገሽ ጻፊው ትለኛለች። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የሰው ኃይል ባለሙያ፦ እህቴ፣ ቀኑን እንዳትነኪው! መጀመሪያ የማየው የሥራ ልምድ ደብዳቤሽን ነው። «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን» ይላል። ከሲቪሽ ጋር ካልገጠመ ነገሩ እዚያው ያበቃል። አንድ መስመር ይበቃሻል፦ «ከሐምሌ 2013 ጀምሮ፦ ልጅ ማሳደግ»። ሲጠይቁሽም «ልጄን ሳሳድግ ነበር፣ አሁን ትምህርት ቤት ገብቷል፣ ሙሉ ቀን መሥራት እችላለሁ» በያቸውና ዝም በይ። ልጅ ማሳደግ ይቅርታ አይጠየቅበትም።

ጡረታ የወጣሁ ፋይናንስ ኃላፊ፦ ልጄ፣ ቆይታ የመጣችን ልጅ እኔ የምጠይቃት ሕጉን ነው። ስትለቂ ከግብር ነፃ የነበረው የወር ደመወዝ 600 ብር ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 ግን 2,000 ብር ሆኗል። ለተጨማሪ እሴት ታክስም አዲስ አዋጅ ወጥቷል፣ ቁጥር 1341/2016። ሁለቱን ቁጭ ብለሽ አንብቢ። ከዚያ የአሥር ሠራተኛ ፔይሮል (የደመወዝ መክፈያ ሰንጠረዥ) በኤክሴል በአዲሱ ስሌት ሥሪ። ጡረታው እንደሚታወቀው ከሠራተኛው 7፣ ከድርጅቱ 11 ከመቶ ነው። አትመሽ ይዘሽ ግቢ። «የት ነበርሽ?» ሲሉሽ መልሰሽ፣ ወረቀቷን አሳዪያቸው። ወሬው ወደ ሥራው ይዞራል።

ሌላ አባል፦ የዘመን አቆጣጠሩንም ተጠንቀቂ። ሐምሌ 2013 በፈረንጆቹ ጁላይ 2021 ነው። አንዱን በእኛ፣ ሌላውን በእነሱ ከጻፍሽ የሌለ የሰባት ስምንት ዓመት ክፍተት ይታያል።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ትልቅ ሸክም አቀለላችሁልኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። ቤት እያለሁ የጎረቤቴን ሱቅ ሒሳብ እይዝላት ነበር። ይጻፋል? የሥራ ልምድ ደብዳቤዬም ቤት ስንቀይር ጠፍቶብኛል።

የሰው ኃይል ባለሙያ፦ ሱቁን ጻፊው፣ ምን ምን እንደሠራሽም ዘርዝሪ። ግን ከአምስቱ ዓመት ጋር አትደምሪው። ማስታወቂያው «ከግል ድርጅት የሚቀርብ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት» ካለ አይያዝልሽም። ደብዳቤውን የቀድሞ መሥሪያ ቤትሽን ጠይቂ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት አሠሪ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ የመስጠት ግዴታ አለበት። ማመልከቻሽን በሁለት ኮፒ አድርጊና አንዱ ላይ የመዝገብ ቤቱን ማኅተምና ቀን አስደርገሽ ያዢው።